ሥራ ልገባ ስል

ሮቤ ላይ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ በገዛ ቤቱ የተገኘ ጎልማሳ ወይ ታሟል ወይ ተባሯል። ሦስተኛ ምክንያት አልተፈጠረለትም። የታመመው አጥሚት ይመጣለታል፤ የተባረረው ይላካል። እኔ አጥሚቱ ቀርቶብኝ መላኩ ብቻ የደረሰኝ ነኝና፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጉዴን ላጫውታችሁ። ለሰው እንዳታወሩብኝ አልላችሁም፤ ሰፈሩ እንደሆነ ሁሉን በዓይኑ አይቶታል።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት ደረሰኝ እመዘግባለሁ፣ ገቢና ወጪ አስታርቃለሁ፣ አልታረቅ ያሉትን ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ ስለምናቸው እከርማለሁ። ድሮ እንደ ሰው ቢሮ ገብቼ ነበር የምሠራው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር ነው ነገሩ ሁሉ የተገለባበጠው። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ በዚያው ወር አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተባለ፤ የእኛም ሥራ አስኪያጅ ከመንግሥት ላለማነስ «ላፕቶፕ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ» አሉን። ባልደረቦቼ ወደየቤታቸው ሄዱ። እኔ «ቤት» ስባል የታየኝ ገርጂ የተከራየኋት ክፍል ሳትሆን ከወላጆቼ የቀረልኝ የሮቤው ቤት ነበርና፣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በአዳባ፣ በዲንሾ አድርጌ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ከቢሮዬ ርቄ ተገኘሁ። ኮሮናውም አለፈ። ድርጅቱ ግን የቢሮ ኪራይ አለመክፈልን ጣዕሙን አውቆት ኖሮ «እዚያው ሆናችሁ ቀጥሉ» አለን።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል ያገራችን ሰው። የእኔዋ ላም ወተቷስ በየወሩ ባንክ ይገባል፤ እሷን ራሷን ነው ያያት የሌለው። ሰፈሩ ደግሞ ያላየውን አይቀበልም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ከእኛ ዝቅ ብሎ በረንዳው ላይ በሲንጀር የሚሰፋ ልብስ ሰፊ አለ፤ እንጀራ ጋግራ ለየሆቴሉ የምታስረክብ ሴት አለች። እነሱን «እስቲ አንዴ ና» የሚላቸው የለም። የመኪናው ድምፅ ይሰማል፣ የምጣዱ ጭስ ይታያል። የእኔ ላፕቶፕ አይጮኽ፣ አይጨስ።

የባሰው ደግሞ ገና ብዙም ሳልቆይ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት መቋረጡ ነው፤ ለሦስት ሳምንት ያህል ተመልሶ የልብ አልሆነም። የሐጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት ነበር፤ በዚያ ሐዘንና ሥጋት መካከል ስለ ሥራ የሚያነሣ አልነበረም። ሰፈሩ ግን ልብ ብሎ ያየኝ ያኔ ነው፦ በራፌ ላይ ኩርሲ አውጥቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ ፀሐይ ስሞቅ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ ፀሐዩ ሲሰለቸኝ የጓሮዬን ቆርቆሮ አጥር ነቅዬ መልሼ መታሁት። አመታቴን ኋላ ታዩታላችሁ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ እኔም ወደ ደረሰኞቼ ተመለስኩ፤ ስሜ ግን እዚያው ኩርሲው ላይ ቀረ።

ከፊት ለፊቴ አዴ አሉ። በሰፈሩ ከእሳቸው ቡና ያልጠጣ የለም፤ ልጅ ሆኜ ጉንፋን ሲይዘኝ በቅቤ ያሹኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በሬን ሲቆረቁሩ (ሲቆረቁሩ አልኩ እንጂ ገብተው ከኋላዬ ቆመው ነው የማያቸው) እምቢ የምልበት አፍ የለኝም። «ልጄ፣ ዝም ብለህ ከምትቀመጥ…» ብለው ይጀምራሉ። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ወፍጮ ቤት ወረፋ እይዛለሁ። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ሲሊንደር አስሞላለሁ። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ለሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ሒሳብ አስጠናለሁ፣ ጎባ ሆስፒታል ለሚሄድ በሽተኛ ካርድ አወጣለሁ፣ የእድር ድንኳን እተክላለሁ።

ከሁሉም የከፋው ስጥ መጠበቁ ነው። ባሌ ማለት ስንዴ ነው፤ ጥር ላይ ኮምባይኑ ከሲናና ማሳ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ እህል በእህል ይሆናል። አዴም አጥበው ሸራ ላይ ያሰጡትን ስንዴ በዓይኔ ሥር ጥለውልኝ ገበያ ይወጣሉ። እኔ ላፕቶፔን ጭኔ ላይ፣ ረጅም የባሕር ዛፍ ዘንግ ደግሞ ጎኔ ላይ አድርጌ በራፍ ላይ ስብሰባ እሳተፋለሁ። አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጃችን የዓመቱን የንብረት ቆጠራ ሒሳብ ማን እንደሚያጣራ ይጠይቃሉ። ያቺ ሥራ ሰው የምታስረጅ ናት። ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን፣ ኔትወርክ የተቋረጠብን መስለን፣ ፊታችንን አድርቀን ስክሪኑ ላይ ተቀምጠናል። በዚያች ቅጽበት የጎረቤቴ የሀጂ ቀይ አውራ ዶሮ ሚስቶቹን አስከትሎ ሸራው ላይ ወጣ።

«እሽ!» አልኩ፣ ከልቤ፣ በሙሉ ድምፄ። ማይኬ ክፍት ኖሯል።

«ጎበዝ!» አሉ ሥራ አስኪያጃችን። «አያችሁ? እንዲህ ነው እንጂ! ሳይለመን እሺ የሚል ሰው ነው የምፈልገው።»

ባልደረቦቼ ሁሉ አጨበጨቡልኝ። አውራ ዶሮውም አልሄደም።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ከብድሬ መጣች። ዘመድ ታሞ ጎባ ተኝቶ ነበርና ልትጠይቅ ነው። ብድሬ ማለት ያው ቆላው መዳ ወላቡ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ በዶሎ መና፣ በሐረና ጫካ አድርጎ ከ4000 ሜትር በላይ ያለውን ሳነቴን ያቋረጠ ሰው አጥንቱ ድረስ በርዶት ነው የሚደርሰው። እሷም ሮቤ ከገባች ወዲያ ብርዱ አልለቃት አለ። ያመጣችው ቅቤ ደግሞ በአንድ ሌሊት ድንጋይ ሆነ። ጠዋት ስነሣ የቅቤው ቅል ራውተሬ ላይ ጉብ ብሏል፤ ቤቱን ስትዳብስ አድራ ሙቀት ያለው ነገር እሱን ብቻ አግኝታ ነው። «ይቺ ነገር ጥሩ ናት» አለችኝ። «ታዲያ ሌላ ምን ትሠራለች?»

ሥራዬን ላስረዳት ሞከርኩ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ብቻዬን ስስቅ፣ ብቻዬን ስቆጣ፣ ብቻዬን «ይቅርታ፣ እርስዎ ይቀጥሉ» ስል በር ላይ ቆማ ስታየኝ ውላለች።

«ከማን ጋር ነው?»

«ከአለቃዬ ጋር።»

«የት አለ?»

«አለች። አዲስ አበባ።»

«ደመወዝህንስ ማን ይሰጥሃል?»

«በስልክ ይገባል።»

እጄን ያዘችና መዳፌን ገልብጣ አየችው። ምንም አላለችም። ማታ ግን ለአዴ «ልጃችንን እንደምንም ዱዓ አድርጉለት» ስትል ሰማኋት። ብድሬ ተመልሳም በደወለች ቁጥር ከሰላምታው ቀጥላ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሥራ አገኘህ?»

እንዲህ አንገፍግፎኝ ነው ጥናት ማገላበጥ የጀመርኩት። ይኼን ጣጣ ያመጣብን ጃክ ኒልስ የሚባል አሜሪካዊ ነው አሉ፤ በ1973 እ.ኤ.አ.፣ ሎስ አንጀለስ የመኪና ጭንቅንቅ ቢሰለቸው፣ ሠራተኛ ወደ ሥራው ከሚሄድ ሥራው ወደ ሠራተኛው ቢሄድ ምናለ ብሎ የተነሣ። እግዜር ይስጠው። ሌላው ደግሞ ኒኮላስ ብሉም የተባለ የስታንፎርድ ምሁር ነው። ሻንጋይ ውስጥ ሲትሪፕ የሚባል የጉዞ ድርጅት ከ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ለዘጠኝ ወር የተወሰኑ የስልክ ሠራተኞቹን ቤታቸው አስቀምጦ አሠራ፤ ብሉምና ጓደኞቹም አጠኑት። ቤታቸው የዋሉት ቢሮ ከዋሉት 13 በመቶ በልጠው ተገኙ። እዚህ ጋ ስደርስ ደስ ብሎኝ ለአዴ ላነብላቸው ተነሥቼ ነበር። ዝቅ ስል ግን ለሙከራው የተመረጡት የብቻ ክፍል ያላቸው ብቻ እንደነበሩ አየሁ፤ ሙከራው ሲያበቃም ብዙዎቹ ወደ ቢሮ መመለስ መረጡ ይላል። ምን አማሯቸው ብትሉኝ፣ ብቸኝነት! ሻንጋይ ውስጥ ሰው ብቸኝነት አማሮት ቢሮ ይገባል፤ እኔ እዚህ ብቸኝነት በኪሎ ቢሸጥ በኩንታል እገዛ ነበር።

ከምክሮቹ ሁሉ ልቤን የሰረቀው ግን አንድ ነው። ጠዋት ተነሥተህ ቢሮ እንደሚሄድ ሰው ልበስ፤ ከቤት ውጣ፤ ትንሽ ዞር ዞር በልና ተመልሰህ «ሥራ ገባሁ» በል ይላል። ለአእምሮ ዝግጅት ነው እንግዲህ። ለእኔ አእምሮ ምን ይፈይዳል የሚለውን ትቼ ለአዴ ዓይን የሚፈይደውን አሰብኩት።

በማግስቱ ለወንድሜ ሠርግ ሚዜ ስሆን ያሰፋሁትን ሱፍ አወጣሁ። ከረቫት አሠርኩ። አዲስ አበባ ያሉት ባልደረቦቼ ከላይ ሸሚዝ፣ ከታች ፒጃማ ሆነው ይሰበሰባሉ፤ እኔ ማንም እግሬን ለማያይበት ስብሰባ ጫማዬን ሊስትሮ አስጠርጌያለሁ። ቦርሳዬን አንግቤ ስወጣ አዴ በራቸው ላይ ነበሩ።

«አካም ቡልተኒ፣ አዴ። ሥራ ልሂድ።»

«ሥራ?» ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ። «ገባህ? የት ገባህ?»

«አንድ ድርጅት ነው… ሒሳብ ክፍል።»

ውሸት አለበት? አንዲት ቃል እንኳ። አዴ እልልታውን አቀለጡት። ሀጂ ከወዲያ ማዶ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እኔም በምርቃት ታጅቤ እስከ አስፋልቱ ወረድኩ፣ አንድ ሻይ ጠጣሁ፣ ከዚያ በኋለኛው መንገድ ዞሬ የገብስ ቃርሚያውን አቋርጬ የጓሮ አጥሬ ዘንድ ደረስኩ። ያቺ እኔው የመታኋት ቆርቆሮ በአንድ ሚስማር ነበር የቆመችው፤ ገፋ ሳደርጋት እንደ በር ትከፈታለች። ሾልኬ ገባሁ። መጋረጃ ዘጋሁ። ሥራ ገባሁ።

ያን ሰሞን የሠራሁትን ሥራ ብታዩ! አይሳል፣ ቡና አይፈላ፣ ሬዲዮ አይከፈት እንጂ ደረሰኝ በደረሰኝ ላይ አስታረቅሁ። የሀጂ ውሻ ብቻ ነበር ምስጢሬን የሚያውቀው፤ እሱንም በየጠዋቱ በዳቦ ቁራሽ አፉን አስይዤዋለሁ። በመጋረጃው በኩል አዴ ለመንገደኛው ሁሉ «ልጄ እኮ ሥራ ያዘ» ሲሉ እሰማለሁ። አያ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ገደሉን የቆፈሩት ሀጂ ናቸው፤ ያውም በደግነት። ከሶላት ሲመለሱ ቆርቆሮዬ ተላቃ ስትንገዋለል አይተዋል። «ልጁ አሁን ሠራተኛ ነው፣ ጊዜ ከየት ያመጣል» ብለው መዶሻና ሚስማራቸውን አምጥተው ጥርቅም አድርገው መትተውልኛል። ምስጋና እንኳ አልጠበቁም።

እኔ ይኼን የማውቀው በበነጋው፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ገፋ አድርጌ አልከፈት ስትለኝ ነው። ገፋሁ። ታገልኩ። በፊት በር ዞሬ እንዳልገባ አዴ በራቸው ላይ ስንዴ እየለቀሙ ነው፤ «ምነው ተመለስክ?» ቢሉኝ ምን እላለሁ? ስብሰባው ደግሞ የቆጠራው ሒሳብ የሚቀርብበት ነው፣ ያ በዶሮ ምክንያት የተቀበልኩት። እንዳላረፍድ ብዬ ስብሰባውን በስልኬ ከፍቼ ስልኩን ደረት ኪሴ ከተትኩት። ቦርሳዬን ወደ ውስጥ ወረወርኩ። ከዚያ ወጣሁ።

መውጣቱስ ወጣሁ። መውረዱ ላይ ነው አንድ ነገር ከኋላ ያዝ ያደረገኝ። በዚያ በሥራ ፈት ዘመኔ አጣምሜ የመታሁት ሚስማር በሱፌ የኋላ ኪስ በኩል ገብቶ በቀበቶዬ ወጥቷል። እጄ ወደ ታች፣ እግሬ ወደ ላይ፣ ከረቫቴ አፌ ውስጥ። ብንፈራገጥ ጨርቁ ይቀደዳል፤ ዝም ብል ደም ወደ ራሴ ይወርዳል። ውሻው መጣ። ዳቦው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዬ ደግሞ ወዲያ። ትንሽ ጠበቀኝ፤ ከዚያ ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚለውን ተረት ገልብጦ፣ ዛሬ ስላልበላ ጮኸ።

«ሀቱ! ሀቱ! ሌባ!» አሉ አዴ።

ሰፈራችን በሁለት ቋንቋ ነው ሌባ የሚያባርር። ዱላ የያዘ፣ ሙቀጫ ዘነዘና የያዘች፣ የስንዴ ወንፊቷን እንኳ ሳታስቀምጥ የመጣች… ጓሮዬ ሞላ። ፊቴ ወደ ቆርቆሮው ስለሆነ የሚታያቸው ኋላዬ ብቻ ነው፤ እሱም ተቀዷል። «ሱፍ ለብሶ!» ይላል አንዱ። «የዘንድሮ ሌባ ጫማውን አስጠርጎ ነው የሚመጣው!» እኔ ልናገር ከረቫቱ አፌን ሞልቶታል። ይኼኔ ከደረቴ ውስጥ የሥራ አስኪያጃችን ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ገብተሃል? እኛ ሁላችንም ገብተናል። አንተን ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

ጓሮው ጸጥ አለ። ከዚያ ሀጂ «ሌሎቹ ውስጥ ናቸው! ቤቱን ክበቡት!» ብለው ጮኹ።

ግማሹ ሰው ወደ ቤቴ ሮጠ። በሬን ሰብሮ ገብቶ አልጋዬ ሥር፣ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ጣሪያው ላይ ሌባ ፈለገ። ድምፁ ከኪሴ ቀጠለ፦ «ቆጠራውን ይዘኸዋል? ስንት ሆነ ጠቅላላው?» አዴ ይኼን ሲሰሙ ደረታቸውን ደቁ፤ ምን ያህል ዕቃ እንደተወሰደብኝ ያሰሉ ነበር መሰለኝ። በመጨረሻ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ቀረብ ብሎ ሱፉን በጣቱ ዳሰሰና «ይኼን ስፌት እኔ አውቀዋለሁ» አለ።

አወረዱኝ። ፊቴን አዩት። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

«የገዛ ቤትህ አይደለም እንዴ?» አሉ ሀጂ ቀስ ብለው። «በር አለህ እኮ።»

«ሥራ እየገባሁ ነው» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። አዴ እንባቸው ግጥም አለ። ገባቸው፤ ማለቴ፣ ሌላ ነገር ገባቸው። ልጁ ከያዘው ሥራ ተባሯል፤ ሰው እንዳያውቅበት በየጠዋቱ ለብሶ ይወጣል፣ ተሸሽጎ ይመለሳል። «ምነው ብትነግረኝ? እኔ እናትህ አይደለሁም?» ብለው ተጠመጠሙብኝ። «ጀባዱ፣ ሥራ ይገኛል» ይላል ሌላው ትከሻዬን እየመታ። ላስረዳ ስል ያባብሉኛል፤ ስልኩን አውጥቼ ሳሳያቸው ጭራሽ አዘኑ። ኪሴ ውስጥ ደግሞ ሥራ አስኪያጃችን በፍርሃት «ማነው የተባረረው? እኛ ማንንም አላባረርንም!» ይላሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

ያን ዕለት ቤቴ የለቅሶ ቤት ሆኖ ዋለ። ጩኮ መጣ፣ ማርቃ መጣ፣ ወተት መጣ። ሌባ ፍለጋ የሰበሩትን በሬን ተጋግዘው ጠገኑልኝ። ማታ ሀጂ ምራቃቸውን ዋጥ አድርገው ተነሡና አንድ ዘመዳቸው ሲናና ኮምባይን እንዳለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወርደውን ጆንያ የሚቆጥርና የሚጽፍ ሰው እንደሚፈልግ፣ ስለ እኔ ቃል ሰጥተው መምጣታቸውን ነገሩኝ። ሀጂ ቃል ሰጥተው እምቢ ይባላሉ?

እናም ቅዳሜ ቅዳሜ ሲናና ማሳ ላይ ጆንያ እቆጥራለሁ። አቧራው ቅንድቤ ላይ ሳይቀር ይቀመጣል፤ አመሻሽ ላይ ሳላራግፍ ነው ሰፈር የምገባው፣ ሆን ብዬ። ኔትወርኩም ማሳው ላይ ከቤቴ ይሻላል፤ የቆጠራውን ሒሳብ የዘጋሁት የስንዴ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። ሌላው ቀን ሁሉ ቤቴ ነኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሬን ከፍቼ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ጎረምሳ ሲሊንደር ላስሞላለት ብሎ ሲመጣ አዴ ከመንገድ መለሱት፦ «ተወው፣ ቅዳሜ ሲለፋ የዋለ ሰው ነው፣ ይረፍበት።»

አክስቴም ደወለች። ወሬው ሳነቴን ተሻግሮ ብድሬ ደርሷል።

«ሥራ አገኘህ አሉ?»

«አዎ።»

«ምንድነው?»

«ጆንያ መቁጠር።»

«ተመስገን!» አለች። «ይሄኛውን ደግሞ እንዳትለቅ።»